ስምንተኛው ኬክ

የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አሰልጣኙን አንገፍግፈውታል። ራስን መግዛት ከተለማመዱት የጎረምሳን አንጎል ይለውጣል ብሎ ሰባት ማክሰኞ ሙሉ ዴስካቸው ላይ የክሬም ኬክ እያስቀመጠ «ሩብ ሰዓት ብቻ ታገሱ» ቢላቸውም፣ ገና ፊቱን ሲያዞር ሙልጭ ያደርጉታል።

«እናንተስ ሰው አትሆኑም!» ብሎ ነበር ባለፈው።

ትናንት ስብሰባ ስለነበረበት ስምንተኛው ሥልጠና ለዛሬ ተላለፈ። ኬኩን አድሎ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ አንዱም አልተነካም።

«አያችሁ! አንጎላችሁ ተለወጠ!» አለና፣ ከደስታው ብዛት ከፊተኛው ዴስክ አንዱን አንስቶ ጎረሰ።

«ቲቸር፣» አለች ሶስና ቀስ ብላ፣ «እነ ሂክማ ረመዳን ይዘዋል፤ ለእኛ ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

አሰልጣኙ ማኘኩን አቆመ፤ በክሬም የተለወሱ ጣቶቹ አንገቱ ላይ ወዳለው ማተብ ሄዱ።