የተሰቀለው ሰው ከንፈር
የካውቦይ ፊልሞቻችን የሚቀረጹት ያለ ድምፅ ነው። በረሃው ላይ ለተዋናዮቹ ስሜት ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅላቸዋል፤ ንግግሩን በኋላ ሮም ውስጥ እኔና ባልደረባዬ ኤርሲሊያ በድምፃችን እንሞላዋለን። የዛሬው አንድ አጃቢ ተዋናይ የሚሰቀልበት ትዕይንት ነበር። የፊልሙ ጫፍና ጫፍ ስለተገጣጠመ ያው ምስል እየዞረ ይመጣል።

«ከንፈሩ ምን እያለ ነው?» አልኳት።

«‹አውርዱኝ› ነው የሚለው። የፊልሙ ጽሑፍ ላይ ግን የለም።»

ዳይሬክተሩ ኦሬስቴ ሳቀ። «ለተሰቀለ ሰው ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ሙዚቃው እንደዚያ እየጮኸ እኛስ መች ሰማነው?»

ምስሉ ዞሮ መጣ። ከከንፈሩ ጋር እኩል «አውርዱኝ» አልኩለት።

ያው ፊልም እንደገና ዞረ። በረሃውም ያው፣ ገመዱም ያው። አፌን ከፍቼ ከንፈሩን ጠበቅሁ።

አልተንቀሳቀሰም።