የሂባ የአሸዋ ጆንያ

«ከነገ ጀምሮ አልመጣም…»

ሂባ ይህን ያለችው ግንቡን ተደግፋ እንደተቀመጠች ነበር።

አሰልጣኙ ኢዘዲን ቀና ብሎ አያት። አሶሳ ውስጥ የግቢውን ግማሽ ቆርቆሮ አልብሶ ጂም ያደረገ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

«ምነው፣ አመመሽ?» አላት።

«ቢያመኝ ጥሩ ነበር… ካመመኝ ስንት ጊዜዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነው…

ሂባ ጂም የገባችው ለቁመናዋ አልነበረም።

የእናቷ እግር መታዘዝ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያነሳት የሂባ ወንድም ነበር። እሱ ለሥራ ወደ ጉባ ሲሄድ ተራው የጎረቤታቸው የአብዱልረሂም ሆነ።

ደግ ሰው ነው። ሲጠሩት እምቢ ብሎ አያውቅም።

እናትየዋ ግን ባዕድ ወንድ ባቀፋት ቁጥር በኀፍረት ትሸማቀቃለች።

እየቆየች ውሃ መጠጣት ቀነሰች… ቶሎ ቶሎ እንዳትነሳ።

አንድ ቀን ሂባ ራሷ ልታነሳት ሞከረች። ጉልበቷ ከዳትና ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘረጉ።

እናቷ አልተቆጣችም። «ተይው ያ ቢንቲ… ተይው ልጄ» ብቻ አለች።

በማግስቱ ሂባ ኢዘዲን ጋ ሄደች።

ወንዶቹ ከቆርቆሮው ሥር ብረት ያነሳሉ። እሷ መሃላቸው መግባት አፈረች፤ እነሱም ቦታ አልለቀቁላትም። ከጣራው ውጪ፣ ግንቡ ጥግ ተሰጣት።

ብረትም አልተረፈም። ኢዘዲን ውስጡ ላስቲክ ባለው የማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ ሞላላት።

መጀመሪያ ሃያ ኪሎ…

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰውነቷ ተሰባበረ። የምትሠራበት ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲወድቅባት መጎንበስ አቅቷት ደንበኛውን «እባክህ አንሳልኝ» ትል ነበር።

ሙርሳል የሚባለው ልጅ ከጣራው ሥር ሆኖ ይስቃል።

«ካላመመሽ አልሠራሽም ማለት ነው» ይላታል።

አመነችው። ጭኗ ሲደርቅ፣ ወገቧ ሲያቃጥላት፣ «ዛሬ ሠርቻለሁ» ብላ ትተኛለች።

ግንቦት ላይ አርባ ኪሎ ደረሰች።

ከዚያ ሕመሙ እየቀነሰ መጣና ጭራሽ ጠፋ።

ጆንያው ግን አልቀለለም። ክረምቱ ገባ… ዝናቡ እስኪያባራ ከጣራው ጠርዝ ቆማ እየጠበቀች፣ ሰኔም፣ ሐምሌም፣ ነሐሴም ያንኑ ጆንያ አነሳች። እንዲያውም ከሳምንት ሳምንት የባሰ ከበዳት።

ለዚህ ነው ዛሬ የመረራት።

«አራት ወር ሙሉ እዚያው አርባ ኪሎ ላይ ቆሜያለሁ» አለችው። «ሰውነቴ እዚህ ጋ በቃው መሰለኝ። እናቴን ሁለተኛ መጣል አልፈልግም።»

ኢዘዲን ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ… ሙርሳል፣ ና ይህን ጆንያ ወደ ውስጥ አስገባው።»

ሙርሳል እየሳቀ መጣ። «የሂባን ትራስ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አነሳው። ማንሳቱንስ አነሳው… ግን እያቃሰተ።

«ኮች፣ ይሄ አርባ አይደለም» አለ፣ መልሶ እያስቀመጠው።

ኢዘዲን የጆንያውን አፍ ፈታ። አሸዋው ጭቃ ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ከላይ ሲገባ፣ ላስቲኩ መውጫ ከልክሎት ነበር።

ማዶ ካለው እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ጫኑት።

ሃምሳ ሦስት ኪሎ።

የሂባ እናት ባለፈው ጤና ጣቢያ ስትመዘን አርባ ሰባት ነበረች።

ሂባ ቁጥሩን ደግማ አነበበችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ኢዘዲን። «ከጣራው ሥር ማስገባት ነበረብኝ… ጆንያውንም፣ አንቺንም።»

ያን ዕለት ሂባ ቤቷ ገብታ አብዱልረሂምን አልጠራችም። እናቷን በብብቷ ሥር ይዛ አቀፈቻት፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ተነሳች።

በረንዳው ላይ ካለው ወንበር አስቀመጠቻት።

እናቷ «ነገስ ትችያለሽ?» አለች።

«ነገም። ከነገ ወዲያም» አለች ሂባ፣ አጠገቧ መሬት ላይ እየተቀመጠች። ደክሟት ነበር።

ወዳጆቼ… ሕመም የሥራ ምስክር አይደለም። ሸክማችሁ ስላልቀለለም አልጠነከራችሁም ማለት አይደለም። አንዳንዴ እናንተ ሳታዩት ሸክሙ ራሱ ይጨምራል።

ራሳችሁን ደካማ ከማለታችሁ በፊት የተሸከማችሁትን መዝኑት።

እናንተስ… «ምንም አልተለወጥኩም» ብላችሁ ልትተዉት የደረሳችሁበት ነገር ምን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።