የካፒቴን ሉሚስ ሚስት መስታወት

ቆይ፣ ሳቄ ይውጣልኝ፤ ዋናው ቦታ እንደሆነ ኋላ ነው የሚመጣው።

ዳርሊን በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው በቤልፎርድ ከተማ የካፒቴን ሉሚስን ቤት ለጎብኚ ታሳያለች። የእንፋሎት መርከቦቹ ከቀሩ ወዲህ ትልቁ ሆቴል ጎማ መሸጫ ሆኗል፤ የእህል መጋዘኑም ጣሪያው ወርዷል። ሰው የሚመጣው ለአንዲት የመስኮት መስታወት ብቻ ነው። የካፒቴኑ ሚስት፣ መርከቡ የዘገየ ቀን፣ በቀለበቷ አልማዝ «እጠብቅሃለሁ» ብላ የጻፈችባት።

ቁልፉን ያስረከቧት እትዬ ኦርፋ ናቸው፤ ቤቱን ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ቆፍጣና ሴት።

«በሐምሌ የወንዙ ዝንብ ሲነሳ በሩን ዝጊ» አሏት። «መጥረጊያ እንዳታነሺ።»

ዳርሊን በሁለተኛው ሐምሌ አነሳች። ዝንቡ መስኮቱን እንደ መጋረጃ ቢሸፍነው ጊዜ ተናደደችና በመጥረጊያው እንጨት ወዲያ ወዲህ ታባርረው ጀመር። መስታወቷ ከሽ ብላ ወረደች።

እያለቀሰች ምድር ቤት ገባች። እዚያ፣ ስድስት መክተቻ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ አራት አሮጌ መስታወቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው አገኘች። ልካቸው ልክክ። አንዱን ገጠመች። በር ላይ የሚሸጠውን፣ የመስታወቷ ፎቶ ያለበትን ፖስትካርድ ፊቷ አስቀምጣ በጋብቻ ቀለበቷ አልማዝ ጻፈችበት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም የላትም። ሙሽሮች መስታወቷን ስመው ሲያለቅሱ እሷ ጫማዋን ታያለች።

«ሰው ገደልሽ እንዴ፣ ሴትዮ?» ይላታል ባሏ ሮስኮ፣ ራት እየተወች ስትነሳ።

ምን ትበለው? ነገሩ ከወጣ ቤቱ ይዘጋል፤ የእሷም ስም አብሮ ይቀበራል።

ባለፈው ቅዳሜ ለቤቱ በዓል እትዬ ኦርፋ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ማጉያ መነጽራቸውን መስታወቷ ላይ ደቅነው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከንቲባው ሰዓቱን አየ።

«ሁላችሁም ኬኩ ጋ ሂዱ» አሉ አሮጊቷ። «አንቺ ቅሪ። በሩንም ዝጊው።»

ዳርሊን ሳትጠየቅ ዘረገፈችው፤ ዝንቡን፣ መጥረጊያውን፣ ቀለበቱን፣ ሁሉንም።

«ቁልፉን ይውሰዱት፣ እትዬ። አደራዎን በልቻለሁ።»

እትዬ ኦርፋ ማጉያውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በሩን አንዴ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ የተውኩልሽ አራት ነበር። ስንት ቀረሽ?»