የፒንደር ስም እንዳይጠፋ

ሊዮናርድ ክሌግ ዶሪንን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣው እሁድ ለምሳ ነበር፤ ጫማውን ወልውሎ፣ አበባ ይዞ። ስለ ሥራውና ስለ ደሞዙ እንደሚጠየቅ ገምቶ ተዘጋጅቷል። አፍንጫ ደፍጣጣው አባቷ ሚስተር ፒንደር ግን የጥብሱን ቢላ እየሳሉ ሌላ ነገር አመጡ።

«ፒንደር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ዱሮ የባዘነ ከብት የሰው ማሳ ሲገባ ይዞ በረት የሚዘጋ፣ ባለቤቱ ካልካሰ የማይለቅ ሹም ነው። ስሙ ከዚያ መጣ። ይህ የዮርክሻየር መንደር ከቆመ ጀምሮ ፒንደር ጠፍቶበት አያውቅም። የበረቱም ቁልፍ ያውና!» በቢላው ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የዛገ ቁልፍ አሳዩት።

ግድግዳው በፒንደሮች ፎቶ ተሞልቷል፤ ሁሉም አፍንጫ ረጅም ናቸው። ዶሪን አፍንጫዋን ከማን እንደወረሰች ሊዮናርድ አሁን ገባው።

«ያለችኝ ይህች አንዲት ሴት ልጅ ናት። አግብታህ ክሌግ ስትባል ፒንደር አለቀለት። ወይ ስሙን ትወስዳለህ፣ ወይ ልጅቷን ትተዋታለህ።»

«አባዬ!» አለች ዶሪን።

«ሥጋው ቀዘቀዘ እኮ፤ ቁረጥ እንጂ» አሉ እናቷ ሚስስ ፒንደር፣ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው።

የሊዮናርድ ደም ፈላ። ወንድ ልጅ በሚስቱ ስም ሊጠራ! አብረውት አውቶቡስ የሚነዱት ጓደኞቹ መሳቂያ ሲያደርጉት ታየው። ሰውዬው ልጃቸውን ላለመስጠት የፈጠሩት ሰበብ መሰለው። ዶሪን ግን ጠረጴዛው ሥር እጁን ጨብጣ አልለቅ አለች።

«ፒንደር! ኧረ ፒንደር!» ብሎ ጎረቤት ከውጭ ጮኸ።

ሚስተር ፒንደር ሥጋውን መቁረጥ ቀጠሉ። «ምን ሆንክ?» ያሉት ሚስታቸው ናቸው።

«የማንም ያልሆነ በግ ጎመኔን ጨረሰብኝ!»

«በል አንተ ሂድና ዝጋበት» አሉት ሚስተር ፒንደር እንግዳውን።

ሚስስ ፒንደር ቁልፉን አቀበሉት። «በሩን በትከሻህ ግፋው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልከፈት እንዳለ ነው።»

ሊዮናርድ በጉን ጭቃ ለጭቃ አሯሯጠው። ሁለቴ ወድቆ፣ በመጨረሻ ታቅፎት የድንጋይ በረቱ ውስጥ ከተተው።

«ጎሽ ፒንደር!» አለ ጎረቤቱ።

ሊዮናርድ ሳያስበው ዞረ። ዶሪን ደጃፉ ላይ ቆማ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። በስም ሰበብ ይህችን ሴት ቢያጣ ዕድሜ ልኩን እንደሚቆጨው ያን ጊዜ ገባው። የክሌግን ስም እንደሆነ የሚያስቀጥሉ ወንድሞች አሉት።

«እሺ፣ ፒንደር ልሁን» አለ ተመልሶ ሲቀመጥ።

የሚስተር ፒንደር ዓይን እንባ አቀረረ። ትልቁን ቁራጭ ሥጋ ሰሃኑ ላይ አደረጉለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«አይዞህ ልጄ፣ ትለምደዋለህ። እኔም የሚስቴ አባት እዚችው ወንበር ላይ አስቀምጠው እሺ እስኪያሰኙኝ ድረስ ራምስደን ነበርኩ።»