ከገዳሪፍ የተመለሰው ክታብ

«ይኸውልህ... አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አንገቴ ላይ አስሬ ያመጣሁት ነው።»

ነጋዴው ይማም በቆዳ የተሰፋ ክታብ ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋለት።

ረዳት መምህር ፈንታሁን አልተቀበለውም። ዓይኑ የይማምን ኮሮጆ ይፈትሽ ነበር...

«ወረቀቱስ፣ አያ ይማም?»

«የምን ወረቀት? አባትህ መሪጌታ የሰጡኝ ይህን ብቻ ነው።»

ዘመኑ 1930 ዓ.ም. ነው። ቦታው የሱዳኗ ገዳሪፍ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ።

ፈንታሁን የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ጣሊያን የውጭ ቋንቋ የሚያውቁትን እያሳደደ ማሰር ሲጀምር፣ የእንግሊዝኛ የምስክር ወረቀቱን ለአባቱ ለመሪጌታ ሞላ አስረክቦ በመተማ በኩል ተሰደደ።

ገዳሪፍ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ... ግን በረዳትነት። በወር ሁለት ፓውንድ።

እንግሊዛዊው የትምህርት ቤቱ ሹም አንድ ቀን ጠርቶ እንዲህ አለው።

«ከሙሉ መምህሮቼ ትበልጣለህ። ነገር ግን የምስክር ወረቀትህን ሳላይ ደረጃህን ከፍ ማድረግ አልችልም። ወረቀቱ በመጣ ማግሥት ሙሉ መምህር ነህ፤ ደመወዝህም ስድስት ፓውንድ ይሆናል።»

ፈንታሁን ወደ ጣራ ገዳም በሚመለስ መነኩሴ በኩል ለአባቱ ቃል ላከ። «ወረቀቴን ላኩልኝ፤ ሙሉ መምህር የሚያደርጉኝ እሱን ሲያዩ ነው፤ ኑሮዬ በእሱ ላይ ነው።»

ስድስት ወር ጠበቀ።

የመጣው ክታብ ነው።

«ሌላ ምን አሉ?» ሲል ይማምን ጠየቀው።

«‹ከእኔ ከሞላ መሆኑን ንገረው› አሉኝ። ደግሞ መንገድ ከጀመርሁ በኋላ መልሰው ጠርተው ‹ከእኔ መሆኑን እንዳትረሳ› አሉኝ። ሌላ የለም።»

ይማም ሳቅ አለ። «መተማ ላይ አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ወታደሮች፣ የአህያዬን ኮርቻ ሳይቀር በረበሩት። ይህን ግን አንዱም አልነካው። የሰው ክታብ የሚፈታ ማን ደፋር አለ? ጅብም በመንገድ አልቀረበኝም... እንግዲህ ይሠራል ማለት ነው።»

ፈንታሁን አልሳቀም።

መሪጌታ ሞላ ዕድሜ ልካቸውን ክታብን ሲያወግዙ የኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ፈንታሁንን በልጅነቱ ንዳድ ይዞት ሲያቃዠው ጎረቤት ያሰረችለትን ክታብ እንኳ ፈትተው «ጸሎት ይበቃዋል» ብለው መልሰዋል።

«አባቴ አረጁ...» አለ በልቡ።

ቀጥሎ ደግሞ የከፋው ሐሳብ መጣበት። «አይደለም። ወረቀቱን ሊሰጡኝ አልፈለጉም። የፈረንጅ ፊደል መማሬን መቼ ወደዱት?»

«ለመሪጌታ ምን ልበላቸው?» አለ ይማም።

«ደርሶታል በላቸው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ክታቡን ተቀብሎ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ከራስጌው ካለ ምስማር ላይ ሰቀለው።

አራት ዓመት...

መንገዱ ተዘግቶ ይማም ዳግመኛ አልመጣም። ፈንታሁንም ለአባቱ አንድ ቃል አልላከም። እሱ ያስተማረው ወጣት ሙሉ መምህር ሆኖ አለፈው። ሌላውም አለፈው። ሦስተኛው አለቃው ሆነ፤ እያዘዘውም «መምህሬ» ይለው ነበር።

ጣሊያን ጎንደርን በለቀቀ በሁለተኛው ወር፣ በጥር 1934፣ ፈንታሁን ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። ክታቡ በኪሱ ነው። አባቱን ምን እንደሚላቸው በመንገድ ሁሉ ሲያሰላስለው ነበር... «ክታብዎን መልሼልዎታለሁ።»

በሩን የከፈተችው ታላቅ እኅቱ ጌጤ ናት። ጥቁር ለብሳለች።

«አባባስ?»

«ጣሊያን ከዚህ በወጣ ሰሞን... ስድስት ወራቸው።»

አለቀሱ። ሲበርድላቸው ጌጤ ዓይኗን ጠርጋ እንዲህ አለች።

«ደስ ብሏቸው ነው የሞቱ። ሹመትህን ሰምተው።»

«የምን ሹመት?»

«‹ደርሶታል› ብለህ የላክህ ጊዜ ነዋ። ቤቱ ፋሲካ ሆነ። ‹ልጄ ሙሉ መምህር ሆነ› አሉ። ወሬው ከጣሊያን ጆሮ እንዳይገባ ለእኔ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ‹ታዲያ ስለ ምን አይጽፍም?› ስላቸው፣ ‹መምህር ጊዜ የለውም፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል› ይሉኝ ነበር።»

«እታለም... ወረቀቱ እኮ አልመጣልኝም።»

ጌጤ ትክ ብላ አየችው። ወደ ውስጥ ገብታም የአባታቸውን ዳዊት ከነማኅደሩ ይዛ ወጣች። የቆዳው ማኅደር ክዳኑ በቢላዋ ተቆርጧል።

«ከዚህ ቆርጠው ራሳቸው ሰፉት። ‹እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ሰፊ ይስፋልዎ› ብላቸው፣ ‹ወሬ ይወጣል› አሉ። ይዘውት ሐሙሲት ገበያ ድረስ በእግራቸው ወረዱ። ለይማምም ምንነቱን አልነገሩትም፤ ‹የማያውቀውን ቢገርፉት አይናገርም› ብለው። ‹ፈንታሁን ባይከፍተውስ?› አልኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁብኝ። ‹ሌላው ሰው ክታብ ነው ብሎ ይተወዋል። ልጄ ግን ያውቀኛል፤ ሞላ ክታብ እንደማይልክ አያጣውም› አሉ።»

ፈንታሁን ክታቡን ከኪሱ አወጣ። ቀለሙ ከማኅደሩ ቀለም ጋር አንድ ነው።

ስፌቱ በጣት አልፈታ አለው። ጌጤ ተቀብላ በጥርሷ በጠሰችው።

ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ... የእንግሊዝኛው ጽሕፈት አልደበዘዘም። ስሙም ማኅተሙም እንዳለ ነው።

አራት ዓመት ሙሉ ከራስጌው ተሰቅሎ ነበር።

ወዳጆቼ... ፈንታሁን የሰው አገር ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ አባቱን ማንበብ ግን ተሳነው። የምናውቀው ሰው የማናውቀውን ነገር ሲያደርግ፣ «አርጅቷል» ወይም «ጠልቶኛል» ብለን ከመፍረዳችን በፊት አንድ ጊዜ «ለምን?» እንበል። ያቺ አንዲት ጥያቄ የአራት ዓመት ዋጋ ልታወጣ ትችላለች።

እኔ መልሱ ያልመጣልኝን ልጠይቃችሁ... መሪጌታ ሞላ ልጃቸው ሙሉ መምህር እንደሆነ አምነው፣ ደስ ብሏቸው መሞታቸው ለፈንታሁን መጽናኛ ነው ወይስ ቅጣት?

የምታስቡትን ከሥር ጻፉልኝ።