የተደፈነው ቦይ

ፋዲላ ጭቃውን በሁለት እጇ እየዛቀች የቦዩ አፍ ላይ ትጠቀጥቃለች። ዝናቡ ጀርባዋን ይደበድባታል። ከላይ ደጋው ጣርማ በር ጉም ከለበሰ ሳምንቱ ነው፤ እዚህ ቆላውም አንድ ቀን አላባራም። የማሾዋ እግር ውሃ ውስጥ ነው፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀምሯል። ማሾ ደግሞ ውሃ ከተኛበት ሁለት ቀን አይቆይም። የመጀመሪያውን ዘር ሐምሌ ላይ ጎርፍ ወስዶባታል፤ ይሄኛው ከሄደ ሌላ ዘርም የላት፣ ጊዜውም አልፏል።

«ይሄ ሰውዬ!» ትላለች። «ወላሂ እሱ ነው!»

ሰውዬው ጎረቤቷ ጋሼ ኢልያስ ናቸው። ሲናደዱ አንቱታ የት ይታወሳል! አምና በወሰን ተጣልተው ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፤ አፍ ታረቀ እንጂ ሆድ መቼ ታረቀ? የሁለቱም መሬት ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ትርፍ ውሃም ሁልጊዜ ከእሳቸው በኩል ነው የሚመጣባት። ዛሬ ስትደርስ የወሰኑ አፈር በዶማ ተቀዶ ቦይ ወጥቶለት አገኘችው። የጋሼ ኢልያስ የላስቲክ ጫማ ዱካ ገና አልጠፋም። አጠገቡ ያልዘረዘረ ለምለም ጤፍ በነዶ ታስሮ ተከምሯል። ለበሬያቸው ይሆን፣ ለሌላ ተንኮል፣ ማን ያውቃል? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር።

ትናንት ከሰዓትም ከአጥሯ ውጪ ቆመው «ፋዲላ! ኧረ ፋዲላ!» እያሉ ሲጣሩ ነበር። ድምጿን አጥፍታ ተቀመጠች። አሁን ነው የገባት፤ እርሻው ላይ አለመኖሯን ሊያረጋግጡ ኖሯል!

የመጨረሻውን ድንጋይ ስትጭን ጩኸት ትሰማለች።

«ተይ! ኧረ ተይ አትድፈኚው!»

ጋሼ ኢልያስ ፌስታል ራሳቸው ላይ አጥልቀው፣ ዶማ ተሸክመው፣ እየተንቦራጨቁ ይመጣሉ።

«እንዳይጠጉኝ! ባል የላትም ብለው ነው ውሃዎን የለቀቁብኝ?»

«የኔን ውሃ?» ይላሉ እያለከለኩ። «እስቲ ክፈቺውና እዪው።»

«ሞቼ ነው የምከፍተው!»

ሽማግሌው ዶማቸውን ከትከሻቸው ያወርዳሉ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ጭቃውን በዶማ ይመቱታል። ፋዲላ የራሷን ዶማ ከትከሻዋ በላይ ታነሳለች።

«ወላሂ ይተዉ!»

ቦዩ ይከፈታል። ከቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ተንሳፍፎ የቆመ አንድ ቢጫ የማሾ ቅጠል ይነቃነቃል። አሁን ውሃው ይመጣብኛል ብላ ትጠብቃለች። ቅጠሉ ግን ከእሷ ይርቃል፤ በተቀደደው ወሰን ይሾልክና የጋሼ ኢልያስ ጤፍ ውስጥ ይገባል።

በዓይኗ ትከተለዋለች። በጤፉ መሃል፣ ከወሰኑ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ሰው የሚያስተኛ ስፋት ያለው አዲስ ቦይ ከእርሻዋ ዝቅ ብሎ ተቆፍሯል። በዚያ መስመር አንዲት ጤፍ አልቀረችም። ነዶው ከየት እንደተነቀለ አሁን ገባት።

«ትናንት ልነግርሽ መጥቼ ነበር» ይላሉ ጋሼ ኢልያስ ፊታቸውን እየጠረጉ። «የለሽም መሰለኝ።»

ፋዲላ ዶማዋን ታወርዳለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አፉ በሉኝ» ብላ የጠቀጠቀችውን ጭቃ መልሳ መዛቅ ትጀምራለች። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል፤ ጎንበስ ብለው ከቦዩ ዳር የቀረውን ጤፍ በእጃቸው እየነቀሉ ለውሃዋ መንገድ ያሰፋሉ።