የሃያ አንድ ቀን ኪኒን

ንግስቲ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። በአሥረኛው ቀን ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ለታናሽ እህቷ ለሉዋም አስረግጦ ነገራት።

«ደሙ ቆሟል። አሁን የሚያሰጋው የደም ሥሯ ተኮማትሮ እንዳይዘጋ ነው። በየአራት ሰዓቱ ሁለት ፍሬ፣ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ ሃያ አንድ ቀን እስኪሞላ። አንዴም እንዳያልፋት። ደግሞ እንዳትደነግጥ።»

ሉዋም አላሳለፈችም። በአሥራ ሁለት፣ በአራት፣ በስምንት ሰዓት፣ ቀንም ሌትም፣ ኪኒንና ውሃ ይዛ ከአልጋው አጠገብ ትቆማለች። ስልኳንም ወሰደችባት።

የንግስቲ ባል ጎይቶም ግን ከሆስፒታል ሊወስዳት አልመጣም። ሆስፒታል ሳለች በየቀኑ ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር።

«ለሥራ ድሬዳዋ ሄዷል» አለች ሉዋም።

«እኔን እንዲህ ጥሎ?»

«ድንገት ነው።» ድምፅዋ ጎርንኗል። ጉንፋን ይዟታል፤ ሻሿንም ከራሷ አላወረደችም።

አምና ከድሬዳዋ የምትደውል ሴት ነበረች። ጎይቶም ስልኩን የሚያነሳው በረንዳ ወጥቶ ነበር።

«ከሷ ጋር ነው?»

ሉዋም ወለሉን አየች። «ኪኒኑ ይለቅና እናወራለን።»

በማግስቱ ጎረቤቷ አይናዲስ እንድትጠብቃት ተደረገ፤ ሉዋምና ግቢው በሙሉ ሥላሴ ሄዱ። ሲመለሱ አንድም ሰው ወደ ንግስቲ ጎራ አላለም። አፍረውልኛል ብላ አሰበች። መናደድ ፈልጋ አቃታት። ሰውነቷ ከብዷል፤ ንዴቱም የሌላ ሰው ይመስላል።

በሃያኛው ቀን የጎይቶምን ሸሚዞች ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ሉዋም አንዱን አወጣች፣ ቀስ ብላ እንደገና አጠፈችው፣ መለሰችው።

«ኪኒኑ ባለቀ ማግስት ሽማግሌዎች ጥሪልኝ» አለች ንግስቲ። «እፈታዋለሁ።»

«እሺ። ይመጣሉ።»

በሃያ አንደኛው ቀን የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍሬዎች ዋጠች። ሉዋም ባዶውን ማሸጊያ ኪሷ ከተተችና ሐኪሙ ጋ ደወለች። ከዚያም ሌላ ቦታ ደወለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የጊዮርጊስ ቅዳሴ ይሰማል። ንግስቲ ሻንጣውን እየጎተተች ሄደች። ጎይቶምን ይዘውት መጥተው ከሆነ የምትለውን ታውቃለች፤ አሥራ አንድ ቀን ስታጠናው ነው የከረመችው።

ከፈተች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ከኋላቸው ጎረቤቱ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል።